ድንጋዩን የሚመርጠው ጥፋተኛው ነው

ሰቆጣ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ ይኸው ስድስተኛዬን ይዣለሁ። እናቴ ከጎጃም በደወለች ቁጥር «ዝውውሩ ምን ደረሰ?» ትለኛለች፤ እኔም «በሂደት ላይ ነው» እላታለሁ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ማመልከቻውን ራሱ አልጻፍኩትም። ሥራዬ ተከላካይ ጠበቃ ነው፤ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ሰው ማለት ነኝ። አፌ ፈጣን ነው፤ ቁጣዬም ከአፌ አያንስም፤ ግን ቶሎ ይበርድልኛል። እዚህ አገር ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኞቼ የጀመሩትን ነገር እኔ ስጨርስላቸው ነበር የምውል። አሁን ትቻለሁ። ያስተወኝ አንድ የዚሁ የዋግ ዝቋላ ገበሬ ነው።

መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው በየካቲት ነው። ክሱ የግድያ ሙከራ ይላል። ተከሳሹ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ተበዳይ የተባለው ደግሞ ጎረቤቱ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ አላቸው፤ ሁለቱን በሬ አቀናጅተው በተራ የሁለቱንም መሬት ያርሳሉ። እንዲህ ሲኖሩ ኖረው ማሽላው በደረሰበት ሰሞን ተጣሉ። ጎረቤትዬው «ከእንግዲህ በሬዬን ከሌላ ሰው ጋር ነው የማቀናጅ» ብሎ ኖሯል። ደንበኛዬ ይህን የሰማው ጠላ ቤት ተቀምጦ ነው። ሚስቱ ልትፈታው ነው የተባለ ሰው እንኳ እንደዚያ አይሆንም። ብድግ ብሎ፣ «እስቲ ያድርገው! እሱንም በሬውንም አንድ ጉድጓድ ነው የምከታቸው!» ሲል ጠላ ቤቱ ሙሉ ሰው ሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት ደንበኛዬ ማማው ላይ ቆሞ ማሽላውን ከዝንጀሮ ይጠብቃል። በወንጭፍ የወረወረው ድንጋይ ሄዶ ጎረቤቱን ከጆሮው በላይ መታው። ሰውዬው ተዘረረ፤ ሆስፒታል ገብቶ ተሰፋ፤ እግዜር ይመስገን ነፍሱ ተረፈች።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ነገር ነበረ። የፖሊስ ምርመራ ሳያልቅ ሁለቱ በአገር ሽማግሌ ታርቀዋል። የእርቁ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል፤ አንድ ገጽ ነው። ደንበኛዬ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገረው ቃል በቃል ሰፍሯል፦ «ወንድሜን ልገድለው ነበር። ልጆቹን የሙት ልጅ ላደርጋቸው ነበር። ያተረፈው እግዜር ነው፤ ማሩኝ።»

መዝገቡን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁትና «ወይ አንተ ሰውዬ!» አልኩ ለብቻዬ። ዛቻ አለ፤ ድንጋይ አለ፤ ሐሳቡንም በገዛ አፉ ነግሯቸዋል። ለዐቃቤ ሕጉ ምን ሥራ ተረፈለት?

ማረሚያ ቤት ሄጄ ሳገኘው ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ «እትዬ፣ ደመና አለ ውጭ?» አለኝ። በየካቲት! «ደመናውን ተወውና እኔን ስማኝ» አልኩት። «የግድያ ሙከራ ማለት ሰው ስላቆሰልክ ብቻ አይደለም። ልግደል ብለህ ታስባለህ፤ ያሰብከውን ትጀምራለህ፤ ከዚያ አንተ ሳትፈልግ የሆነ ነገር ይከለክልሃልና ሰውዬው ይተርፋል። ዐቃቤ ሕጉ ይህን ሁሉ ማስረዳት አለበት። እኔ የምገጥመው ማሰቡ ላይ ነው። አላሰብክም ከተባለ ክሱም ሌላ፣ ቅጣቱም ሌላ ነው።»

«ማን ነው የከለከለኝ የሚሉት?» አለ ቅር ብሎት። «እኔው አይደለሁ ወይ በቃሬዛ ተሸክሜ የወሰድኩት? ሰው ትከሻ ይቀያይራል፤ እኔ እስከ መኪናው መንገድ አልቀየርኩም።»

«እሰይ! እሷን ዳኞቹ ፊት ትነግርልኛለህ። መጀመሪያ ግን ክሱ ተነቦ ሲጠይቁህ፣ ‹ልገድለው አላሰብኩም፤ ጥፋተኛ አይደለሁም› ትላለህ። በቃ፤ ሌላ ነገር እንዳትጨምር።»

አንገቱን ደፋ። «እሱን አልልም እትዬ።»

«እንዴ! አስበህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በማርያም! ወንድሜን?»

«ታዲያ?»

«ድንጋይ ተሸክሜ ሽማግሌ ፊት ያልኩትን ዳኛ ፊት ቆሜ ብክድ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። እርቁ ከፈረሰ የሱ ወንድሞችና የኔ ወንድሞች አንድ ገበያ አይውሉም። እኔ ብታሰር ይሻላል።»

ጮኽኩበት። ጥበቃው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮኽኩበት። ቢፈረድበት ስንት ዓመት እንደሚታሰር ነገርኩት። በጣቱ ሲቆጥር ቆየና «ሴቷ ልጄ ሳልኖር ልትዳር ነው» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

ተናድጄ ስወጣ በር ላይ አንድ ራሱን በነጠላ የጠመጠመ ሰው በሶ በፌስታል ይዞ ተቀምጧል። «እርስዎ ነዎት የሱ ጠበቃ?» ብሎ ተነሳ። ማን እንደሆነ ስጠይቀው ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ጠባሳውን አሳየኝ። ተበዳዩ ነው! ከዝቋላ በእግሩም በመኪናውም ብሎ ለተከሳሹ ስንቅ ይዞ መጥቷል።

«እትዬ፣ ያስፈቱልኝ» አለኝ። «እኔ ከዚህ ወዲህ ፀሐይ ላይ ስቆም ያዞረኛል፤ ሐኪሙ ሞፈር እንዳትይዝ ብሎኛል። ሁለቱም በሬ ቤቴ ቆሟል፤ የሚያርስ የለም። ዝናቡ ሲገባ እሱ ካልተፈታ የሱም ቤት የኔም ቤት ዘር አይወድቅም። ሁለት ቤት ሙሉ ሰው ጦሙን ሊያድር ነው።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ ተበዳይ አይቻለሁ። የመታውን ሰው አስፈቺልኝ ብሎ የሚለምነኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ቀን ጉዳዩ ጉዳዬ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ወደድኳቸው።

ክሱ ሲነበብ እንደፈራሁት ሆነ። ሰብሳቢ ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ሲሉት፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሽማግሌ ፊት ያልኩትን አልሸሽም። እናንተም የምታደርጉትን አድርጉ» አለ። እግሩን በጫማዬ ጫፍ ረገጥኩት፤ ምንም። ዳኛው እግዜር ይስጣቸውና ነገሩ ግልጽ የእምነት ቃል አይደለም ብለው፣ ክዶ እንደተከራከረ ይቆጠር አሉ።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ቀረቡ። የጠላ ቤቷ ባለቤት ዛቻውን እስከ እጅ ውርወራው አሳየች። ተበዳዩ ቀርቦ «ታርቀናል፤ ምንም የለኝም» አለ። ዐቃቤ ሕጉ «ድንጋዩ ሲመታህ ምን እያደረግክ ነበር?» ሲለው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ደገመው፦ «ቀጥ ብዬ በመንገዴ ስሄድ።» ይህን ሲል መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ደንበኛዬን ዞር ብዬ ሳየው እሱም መሬት ያያል። ሁለቱ ሰዎች መሬቱ ላይ ምን እንዳገኙ እንጃ።

እኔ በዚያ ቀን የተዋጋሁት በእርቁ ወረቀት ላይ ነው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ሰነድ ፊርማ የለውም! አሻራ የለውም! ፊርማ የሌለው ወረቀት ማስረጃ አይሆንም!» አልኩ፤ ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰምቷል አሉ። ፍርድ ቤቱ ግን ክብደቱን ከሌላው ማስረጃ ጋር መዝነን እናያለን ብሎ አለፈው፤ ደንበኛዬም ተከላከል ተባለ። ወጥቼ በንግግሬ ስኩራራ ዋልኩ።

ቀጠሮው ግንቦት ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ተበዳዩ በመጣ ቁጥር ስለ ሁለቱ በሬዎች ለደንበኛዬ ወሬ ያመጣለታል፤ የትኛው ከሳ፣ የትኛው አነከሰ፣ የትኛው ገፍቶ ጋጣ ሰበረ። ጉድ እኮ ነው፤ እኔም ቀስ በቀስ የበሬዎቹን ጠባይ አወቅኩ። ሰማዩ ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት መጥቆር ጀመረ። ደንበኛዬ ከእንግዲህ ስለ ደመና አይጠይቀኝም፤ በመስኮቱ ራሱ ያየዋል፤ እያየም ይከሳል።

በቀጠሮው ቀን ደንበኛዬ ራሱ ቃሉን ሰጠ። ቃሬዛውን ተናገረ፤ በደንብ ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ነገር ያውቃል። «ወንጭፍ ትችላለህ?» አለው።

«እችላለሁ።»

«ስተህ ታውቃለህ?»

በሆዴ «አንዳንዴ እስታለሁ በል፣ በሞቴ!» እያልኩ ነው። ደንበኛዬ ደረቱን ነፋ። «በዝቋላ ይጠየቅ። ያየሁትን ስቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን አይተህ ነው የወረወርከው?»

ዓይኑ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ ሄዶ ተመለሰ።

«መልስ እንጂ።»

«እሱን የምናገር እኔ አይደለሁም» አለና አፉን ገጠመ። ዳኛው ጠየቁት፤ እኔ ጠየቅኩት፤ ያው ነው። አለቀልን አልኩ። የቀረኝ አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እርቁን የመሩት ሽማግሌ። እሳቸውንም ያገኘኋቸው ያን ጠዋት በር ላይ ነው፤ ከዝቋላ ሲገቡ አርፍደው ሁለት ቃል እንኳ በወጉ አልተነጋገርንም።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። «አባቴ፣ ተከሳሹ ‹ልገድለው ነበር› ማለቱን ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ምን ይበል ታዲያ?»

«ይህ ማለት ለመግደል አስቦ ነበር ማለት ነው?»

ሽማግሌው እንደ ሕፃን ነው ያዩኝ። «ልጄ፣ በኛ አገር ሊታረቅ የመጣ ሰው ድንጋዩን የሚመርጠው ራሱ ነው። ትንሽ ድንጋይ ካነሳ የበደለውን ናቀው ማለት ነው። ንግግሩም እንደ ድንጋዩ ነው፤ ይጨምርበታል። በጥፊ የመታ ‹ሰበርኩህ› ይላል፤ የሰበረ ‹ገደልኩህ› ይላል። ልክ ልኩን ከተናገረማ ምኑን አዘነው? እኔ ራሴ ፍየሎቼ የጎረቤቴን ሽንብራ ቢበሉ ‹ዘርህን ላጠፋ ነበር› ብያለሁ። ዘሩን አላጠፋሁ፤ ይኸው አሥር ልጆች አሉት።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም መነጽራቸውን አወለቁ። ዐቃቤ ሕጉ ግን አልሳቀም። «ይህን እርስዎ አሁን ለማዳን ያሉት አለመሆኑን በምን እናውቃለን?» ሲል፣ ሽማግሌው ተቆጡ። «በምን? በጽሑፉ ነዋ! ሁሉም ተጽፏል» ብለው ከጋቢያቸው ሥር አንድ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ዋናው የእርቅ ጽሑፍ ነው። ወስጄ ለዳኛው ላቀብል ስል ብርሃኑ አለፈበት፤ ከጀርባው ሌላ ጽሑፍ ታየኝ።

ገለበጥኩት። ጀርባው ዳር እስከ ዳር ተጽፏል፤ ከታች ፊርማና አሻራ ተደርድሯል።

እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ለጠላቴ አልመኝም። ለሦስት ወር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ፎቶ ኮፒ የፊቱ ገጽ ብቻ ነበር። ፊርማ የለውም ብዬ ችሎት ያናወጥኩት እኔ፣ «ታዲያ ፊርማው የት ሄደ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ወደ ዝቋላ አንድ ስልክ አልደወልኩም።

«ይነበብ» አሉ ዳኛው። አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «ተበዳይም በተራው ድንጋይ ተሸክሞ እንዲህ ብሏል። ተቀይሜ፣ ለተራው እሱ ጋጣ ያደረውን በሬዬን ሳላስፈቅድ ፈትቼ ልወስድ፣ ማማ ላይ ያለው እንዳያየኝ ቡኒ ብርድ ልብስ ደርቤ በማሽላው መሐል እያጎነበስኩ ሄጃለሁ። ‹ማነህ› ብሎ ሦስት ጊዜ ሲጣራ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። በሬ ነጥዬ ልጆቹን በረሃብ ልገድል ነበር፤ ማሩኝ።»

ደንበኛዬ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ «ኧረ እትዬ ይተዉት! ይተዉት!» ይላል፤ የሚፈረደው በሱ ላይ ያልሆነ ይመስል። አሁን ገባኝ። ከእርቅ በኋላ የባልንጀራን ጥፋት ማንሳት ነውር ነው። አጎንብሶ ሲመጣ ዝንጀሮ መሰለኝ ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይድን ነበር፤ ግን ጎረቤቱ በሬ ሊፈታ ተደብቆ ሄደ ሊባል ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ሴት ልጁ ሳይኖር ልትዳር፣ እሱ ዝም አለ።

ዳኛው ተበዳዩን ከተመልካች መቀመጫ አስጠሩት። ሰውዬው ፊቱ በላብ ርሷል። ቀጥ ብዬ ስሄድ ነበር ብሎ የማለው እዚሁ ነው። አሁን እውነቱን ቢናገር ሕዝብ ፊት መዋረድ ብቻ አይደለም፤ የሐሰት ምስክርነት ጉዳይም አለበት። እኔን እንኳ አሳዘነኝ። ወደ ደንበኛዬ ዞረና በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አለው፤ ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረ።

«የተነበበው እውነት ነው። አጎንብሼ ነው የሄድኩ። ሲጠራኝም ሰምቻለሁ። ለፖሊስ አፍሬ ነው የዋሸሁት፤ እዚህም ደገምኩት። እኔን እሰሩኝ። እሱ ይረስ።»

ደንበኛዬ አላስቻለውም። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቁመቱም እኮ የዝንጀሮ ሆኖ ነው!» አለ፤ ለጓደኛው መከራከሩ ነው እኮ። ተበዳዩ እንባውን እየጠረገ «ኧረ ዝንጀሮስ አትበለኝ» አለው። ዳኛው ጸጥታ ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱ እሳቸውም ሳቃቸውን ሊይዙ እየታገሉ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። ለመግደል ማሰቡ አልተረጋገጠም፤ ሰው ሊሆን እንደሚችል ሳያጣራ መወርወሩ ግን ቸልተኝነት ነው ተባለ። ቅጣቱ እስከዚያ በታሰረው ታሰበለት፤ ሌላ የሚፈለግበት ወንጀል ከሌለ ዛሬውኑ ይፈታ። ተበዳዩን ዳኛው ብርቱ ቃል ተናግረው ገሠጹት፤ ዐቃቤ ሕጉም ራሱ እውነቱን አውጥቷልና በሱ ላይ ክስ አላቀርብም አለ። ደንበኛዬ ፍርዱን ሰምቶ መጀመሪያ የጠየቀው ጎረቤቱን ነው። «ያ የሚያነክሰው ዳነ?» አለው። በሬውን ነው።

እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ደንበኛዬ ልብሱን በፌስታል ይዞ ሲወጣ ጎረቤቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። እኔም ተራዬን ስጠብቅ ሽማግሌው በከዘራቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ የሁለቱ አልቋል። ያንቺ ነው የቀረው።»

«የኔ? የኔ ምን?»

«እርቅ የዘጋውን ነገር ሕዝብ ፊት አንብበሻላ። ድንጋይ ምረጪ።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ነኝ ያስፈታሁት!»

«ልክ ነሽ። ምረጪ።»

ሦስቱም ፈገግ ብለው ያዩኛል። ጥሩ፤ ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ነው ብዬ ከመንገዱ ዳር አንዲት የእንቁላል ታህል ጠጠር አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ደንበኛዬ የያዘውን ፌስታል አየሁት። አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ኩባያ። ሽማግሌው ያን ቀን ወረቀታቸውን ቤት ረስተው ቢመጡስ? ፌስታሏ አሁንም ማረሚያ ቤቱ ግንብ ውስጥ ትቀር ነበር፤ ሁለቱ በሬዎችም ቆመው ዝናቡ ያልፋቸው ነበር።

ጠጠሯን ጣልኳት። ሰቆጣ ድንጋይ ቸግሮ አያውቅም፤ አንድ ሁለት ገፍቼ ሦስተኛውን በሁለት እጄ አነሳሁት። ጫማዬ ተረከዝ አለው፤ ተንገዳገድኩ። አንገቴ ላይ ሳስቀምጠው ሳቁ ቆመ።

«ወንድሜ» አልኩት። «የአንድ ወረቀት ጀርባ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ሰንፌ ዕድሜህን እስር ቤት ላስፈጅህ ነበር። ልገድልህ ነበር። ማረኝ።»

«ኧረ እትዬ! ማርኩዎት፣ ማርኩዎት!» ብሎ ፌስታሉን ጥሎ መጣና ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደልኝ። መሬት ከማስቀመጡ በፊት በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አለው። ጎረቤቱ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለ?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«‹እሷ እንኳ በንግግሯ አልጨመረችበትም› ነው የሚል» አሉኝ።